አልማዝና እርሳስ፦ «ሁለት ዓይነት» ወይስ «ሁለት መልክ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጄ «አልማዝና እርሳስ አንድ ነገር ናቸው» ብላ ከትምህርት ቤት መጣች። እርሳስ ጥይት የሚሠራበት ከባድ ማዕድን አይደለም እንዴ? ደግሞስ አንድ ነገር በሁለት መልክ ሲገኝ «ሁለት ዓይነት ነው» ይባላል?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተችም፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው። «እርሳስ» ከዐረብኛው «ረሳስ» የመጣ የማዕድኑ ስም ነው። ግእዙ «ዐረር» ይለዋል፤ የጥይቱ «አረር» ከዚያው ነው። መጻፊያው ግን ስሙን ያገኘው በስህተት ነው። ስህተቱም የእኛ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓውያን ጥቁሩን መጻፊያ ድንጋይ ለረጅም ጊዜ የእርሳስ ዘር ያደርጉት ነበር፣ ዐረቦችም ዛሬም «የእርሳስ ብዕር» ይሉታል። በውስጡ ያለው ግራፋይት ነው፤ እሱም ካርቦን ነው። አልማዝም ካርቦን መሆኑን እንግሊዛዊው ኬሚስት ስሚትሰን ቴናንት በ1797 እ.ኤ.አ. አቃጥሎ አሳይቷል። ልዩነታቸው አደራደር ነው። በአልማዝ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተቆላልፏል፤ በግራፋይት ከሦስት ጋር ብቻ ተያይዞ እንደ ሌማት እንጀራ ስለሚነባበር፣ ወረቀት ሲነካ እየተላጠ ይቀራል። «እርሳሴን አቀብለኝ» ማለትዎን ግን አይተዉ፤ ስለ ኬሚስትሪ ሲያወሩ ብቻ «ግራፋይት» ይበሉ።

ወደ «ዓይነት» ስንመጣ፣ ይህ ቃል ይነጥላል። ገበያ ላይ «ሁለት ዓይነት ጤፍ» ካሉ ነጩና ቀዩ ለየብቻ ይሰፈርልዎታል። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ ይዩ፦ ወንዱ ትከሻውን የሚያለብስ ጎፈር አለው፤ ሴቷ የላትም፣ በአካልም በጣም ታንሳለች። «ሁለት ዓይነት ጭላዳ» ካልን ዝርያው ሁለት ይመስላል። ለቤት እንስሳ አማርኛ ለጋስ ነው፤ ላምና በሬ፣ ባዝራና ድንጉላ ብሎ ለየራሳቸው ስም ሰጥቷል። ለጭላዳ አልሰጠም። እዚህ ላይ «ባለ ሁለት መልክ» እላለሁ፤ አንዱን አንድ እንዳለ ይተወዋልና። ይህንኑ ባለ ሁለት መልክነት በውጭው ቃል «ዲሞርፊዝም» ብሎ መጻፍን አልነቅፍም፣ ትርጉሙ አጠገቡ እስካለ ድረስ።

ካርቦን ግን ለዚህ ስም ጥሩ ምሳሌ አይደለም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የታወቀውን ኳስ መሰሉን ፉለሪን ጨምሮ ሌሎችም መልኮች አሉት። ለልጅዎ እብነ በረድንና ሉልን (ከዛጎል ውስጥ የሚወጣውን ዕንቁ) ይንገሯት። ሁለቱም በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ እብነ በረዱ ካልሳይት በሚባለው መልኩ፣ ሉሉ በአብዛኛው አራጎናይት በሚባለው። (ሦስተኛ ብርቅ መልክም አለ፤ ለሰባተኛ ክፍል ይቆይ።)