ጠዋት ስማቸውን የጠራችኋቸው ሰዎች

ሰሞኑን ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። የማለዳ የሬዲዮ ፕሮግራም ሊጀምሩ ነው። የአየር ሰዓት ገዝተዋል፣ ጂንግል አሠርተዋል፣ ስፖንሰር እያፈላለጉ ነው። ትንሽ የአርቲስት ወሬ፣ ትንሽ የዕለቱ ጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያወራ እንግዳ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ዓመት ሠርተውበታል፤ እስቲ ይምከሩን» አሉኝ። አቦሉ እስኪቀዳ ስለ ማይክና ስለ ሚክሰር አወራሁላቸው። በረካው ሲጠጣ ዋናውን ነገር ሳልነግራቸው እንደቀረሁ ታወቀኝ። እነሱ ግን ተነሥተው ነበር። ስለዚህ ጻፍኩት። ማይክ ለሚያምራችሁ ሌሎችም ይሁን።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። ፕሮግራሙ 12 ሰዓት ከጀመረ እናንተ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስቱዲዮ ናችሁ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። በዚያ ሰዓት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳ ላይ ተኝቷል። ባጃጅ አይገኝም፤ ቢገኝም ሹፌሩ ሂሳቡን የሚናገረው ፊታችሁን አይቶ ነው። እኔ ጋቢ ደርቤ የሠራሁበት ጠዋት ብዙ ነው። ሬዲዮ ነው፣ ማን ያየኛል?

በዚያ ሰዓት የሚሰማችሁ ማነው? ሰኞ ገበያ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ። ልጇን ለትምህርት ቤት የምታለብስ እናት። ለፈረቃ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሠራተኛ። ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማችሁም። ሁሉም እጁ ሥራ ይዟል፤ ጆሮውን ብቻ ነው ያዋሳችሁ፣ እሱንም ግማሹን።

አንድ ቀን ተረኛ አልነበርኩምና በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የባልደረባዬን ፕሮግራም እንሰማለን። ኤፍኤም ተራራ አይወድም። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጋራ ከፊቱ ሲቆም እዚያው ይቀራል። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ባልደረባዬ «ታዋቂው አርቲስት ከባለቤቱ ጋር…» አለና ሽሽሽ። ድምፁ ጠፋ። የቀረውን ተሳፋሪው ሞላው። አንዷ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለች። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ ምክንያቱን ሁሉ ያውቅ ነበር። ኮምቦልቻ እስክንገባ አርቲስቱን ሦስት ጊዜ አፋቱት። ማታ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቀው «…ሃያኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸውን አከበሩ» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬ ሳነብ የሚያጓጓውን ቀዳዳ መሃል ላይ አልተውም። ዋናው ነገር ይቅደም፣ ጌጡ ይከተል።

እኛ ልጆች ሳለን ሬዲዮ የሩቅ ነገር ነበር። ማታ ማታ አባቴ አጭር ሞገዱን እየጠመዘዘ የጀርመን ድምፅን ይፈልጋል፤ እኛ ዝም እንላለን። የሚያወራው ሰው ጎረቤታችን ሊሆን እንደሚችል አስበን አናውቅም። ኤፍኤም ሲመጣ ይሄ ተለወጠ። አዲስ አበባ ላይ በ1992 ዓ.ም. ኤፍኤም 97.1 ተጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የግሉ ሸገር 102.1 ገባ። ሬዲዮኑ ሳቀ፣ ቀለደ፣ ስልክ አነሣ። በኋላ እኛም ከተማ ደረሰ። ቋንቋው ሰፈርኛ ሆነ፤ ጥሩ። ግን የሰፈር ወሬ ከነጣጣው አብሮ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ለልጆቹ ያልነገርኳቸው። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ስሙን ያነሣኸውን ሰው ዓመት ሙሉ ላታገኘው ትችላለህ። ደሴ ላይ ከምሳ በፊት ታገኘዋለህ። እሱን ብታጣው እህቱን፣ የክርስትና ልጁን ወይም የሚስቱን አጎት ሙጋድ ሰፈር ታገኛለህ። ሰላም ካላሉህ ታውቀዋለህ። ሰላም ካሉህ ደግሞ ይብስብሃል።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። ስማቸውን የማልጠራው አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ነበሩ። «ነበሩ» ስል ደግሞ ያን ቀን ያልኩትን እንዳይመስልብኝ፤ አሁንም አሉ። አንድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፌስቡክ ስከፍት ፎቷቸው ከሻማ ጋር ተለጥፏል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተደርድሯል። ሌላ ገጽ አየሁ፣ እዚያም አለ። ሦስተኛም አየሁ። ሦስት ምንጭ አገኘሁ ብዬ ረካሁ። ሦስቱ አንዱ ከአንዱ የገለበጡት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ቤታቸው ከስቱዲዮው በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስልካቸውም ነበረኝ። «በዚህ ሌሊት ለቅሶ ቤት አይደወልም» አልኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነው እንጂ ስንፍና ነበር።

12 ሰዓት ከ20 ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዜና ዕረፍታቸውን አነበብኩ። ትዝታ አስከተልኩ። ዘፈኑ ሳያልቅ ስልክ ጠራ። ቴክኒሻናችን አነሣ፣ ፊቱ ተለወጠ። በሩን ከፍቶ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ሟቹ ናቸው» አለኝ።

አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ቁርሴን እየበላሁ ነው። ቀብሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ንገረኝና ልድረስ» አሉኝ። ከድንጋጤ የተነሣ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። እህታቸው እዚሁ ሮቢት ሰፈር ነው የሚኖሩት። ሬዲዮ ሰምተው፣ ጫማ ሳያደርጉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። በሩን የከፈቱላቸው ሟቹ ናቸው። ሴትዮዋ ደፉ ላይ ወደቁ። ይሄን የነገሩኝ በስልክ ነው፣ ትዝታው ገና እየዘፈነ።

ማስተባበያውን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ አነበብኩ። እናንተም ስትሳሳቱ (መሳሳታችሁ አይቀርም) ጠዋት ያጠፋችሁትን ማታ ሰው ሲተኛ አታርሙ። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስሙ የተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። አንብቡት። ሰው በአዋጅ አስገድዷችሁ ከመምጣቱ በፊት ግን እናንተ ሂዱበት። እኔ ሄጄ ነበር፣ ስኳርና ቡና ይዤ። ቡናው ተጠጣ። ለቃለ መጠይቅ ይምጡልን ስላቸው ግን «አብሽር፣ ሌላ ጊዜ» አሉኝ። ያ ሌላ ጊዜ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ስለ አርቲስቶች ወሬ ብዙ አልልም። ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ማን አገባ፣ ማን አዲስ አልበም አወጣ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፤ ከሻይ ጋር ይሄዳል። የሚገርመኝ ግን ወሬውን ሁሉ ከአዲስ አበባና ከቲክቶክ መልቀማችሁ ነው። አምባሰልና ባቲ ዓለም የሚያውቃቸው የዜማ ቅኝቶች ናቸው። አምባሰል ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ የምታልፉበት አገር ነው፤ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ስትወርዱ። ወሬው ደጃችሁ ላይ መሰንቆ ይዞ ቆሟል። ገበያ ውጡና ጠይቁት።

የዕለቱ ጉዳይ ላይ ደግሞ አድማጩ የሚፈልገው እናንተ ከምትገምቱት ያነሰ ነው። ይሄን የተማርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እኔም እንደማንኛውም ሰው አድማጭ ሆንኩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ በነበሩት ሳምንታት ትንታኔ አልናፈቀኝም። መንገዱ ክፍት ነው? ዱቄት ያለው የት ነው? እነእገሌ በሕይወት አሉ? ሰው የሚያምነው ድምፅ ሲያጣ ከመንገደኛ ወሬ ይለቅማል። አንድ ሰው «መጡ» ካለ ሰፈሩ ልጁን አዝሎ ይወጣል። ያኔ፣ ማይክ ላይ በነበርኩበት ዘመን ያላጣራሁትን ስንት ነገር «እንደሚባለው» ብዬ አሳልፌ እንደነበር አስቤ አፈርኩ። «እንደሚባለው» የምትለዋን ቃል ከስክሪፕታችሁ ሰርዟት።

አሁን ወደ እንግዳው። እውነቱን ለመናገር ሌላው ሁሉ ለዚህ ማሟሻ ነው።

ወጣቶች ግልጽ ቃለ መጠይቅ ማለት ደፋር ጥያቄ ይመስላችኋል። «ስንት ጊዜ ተፋታሽ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ አለማፈር ነው። መዓዛ ብሩን በሸገር «የጨዋታ እንግዳ» ላይ ሰምታችሁ ከሆነ ልብ በሉ። እንግዳዋን ከልጅነቱ ነው የምትጀምረው። አትቸኩልም፤ አንድ ሰው ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። እናንተ ሳምንታት የላችሁም፣ ሃያ ደቂቃ ነው ያላችሁ፣ በመሃሉም ማስታወቂያ አለ። ግን ሃያ ደቂቃም ቢሆን ለዝምታ ቦታ አለው።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠርተው ልጅ ያሳደጉ እናት ጋበዝኩ። ልጃቸው ዓረብ አገር ነበረች። «የሄደች ቀን ምን አሏት?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው መጠቅለል ጀመሩ። ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል። ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ወዲያ መዳፉን አነሣ፤ ቆይ፣ አትናገር ማለቱ ነው። ሬዲዮ ላይ አምስት ሰከንድ ዝምታ ግን አምስት ዓመት ነው። አልቻልኩም። «በጣም ከባድ ነው አይደል?» አልኩ። «አዎ፣ ከባድ ነው» አሉ። አለቀ። የራሴን መልስ በእሳቸው አፍ አስደገምኩ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ለቴክኒሻኑ ነገሩት። «ቆሎ ቋጥሬላት ነበር። አውሮፕላን ጣቢያ ይወስዱባታል ብዬ መልሼ ፈታሁት። አሁን ሳስበው ባይወስዱባትስ?» አሉት። እኔ ማስታወቂያ እያነበብኩ ነበር። የማን ማስታወቂያ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ያቺን ቆሎ ግን ይኸው እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ስለዚህ ጠይቁና ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ ሰባት ቁጠሩ። የቴክኒሻናችሁን እጅ እዩ። እሱ እንደ አድማጭ ነው የሚሰማው፣ እናንተ የምትሰሙት የሚቀጥለውን ጥያቄያችሁን ነው።

ከእንግዳ ጋር አስቀድሞ «የማይነካ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መነጋገርን በተመለከተ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ ይከራከሩኝ ነበር። ለባለሥልጣን አይሠራም፣ ልክ ናቸው። ሕዝብ የሰጠውን ሥራ ይዞ «ይሄን አትጠይቁኝ» ማለት አይችልም። ስለ ግል ሕይወቱ ለሚያወራ እንግዳ ግን እኔ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አትንካብኝ ያለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያነሣዋል፤ በር ላይ ማንም እንደማይገፋው ሲያውቅ።

ስፖንሰርን በአጭሩ። አንድ ጊዜ ስፖንሰራችን ስለ ራሱ ቤት ቅሬታ ያለው አድማጭ እንዳናስገባ አዘዘን። ታዘዝን። በሳምንቱ አድማጩ ስለ ሌላውም ነገር መደወል ቀነሰ። ሕዝብ ቂል አይደለም።

ድምፃዊው በመጨረሻ መጡ፤ ሳንጠራቸው፣ ራሳቸው ደውለው። ሁለት ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስለ ዘፈን ሕይወታቸው፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ ሞተው ልጃቸው አወሩ። እኔ አምስት ጥያቄ እንኳ የጠየቅኩ አይመስለኝም። ሲያልቅ «ሁለት ዓመት እምቢ ብለው ዛሬ ምን አመጣዎት?» አልኳቸው።

«ባለፈው ሳምንት ስለዚያች ልጅ አወራህ» አሉኝ። ከባሏ ተጣልታ ወሬው በየቦታው የተበተነ አንዲት ተዋናይት ነበረች። እኔ «መለያየታቸውን ራሷ ተናግራለች፤ ምክንያቱ ግን የቤታቸው ነው» ብዬ ወደ ሙዚቃ አልፌ ነበር። ትልቅ ነገር መስሎኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ሰዓት አጥሮኝ ይሆናል። «እሷ እዚያ የለችም፤ የፈለግከውን ብትል ማን ይከለክልሃል?» አሉኝ። «የሌለን ሰው እንዲህ ካነሣህ እኔን ፊትህ ቁጭ ብዬ አትጎዳኝም አልኩ።»

ለልጆቹ ልነግራቸው የነበረው ይሄን ነው። የሁለት ሰዓት እንግዳችሁ የአንድ ሰዓቱን ወሬያችሁን ቤቱ ሆኖ ሲሰማ ነው የሚከርመው። በሩን የሚከፍትላችሁም የሚዘጋባችሁም ያኔ ነው፤ ስቱዲዮ ሲገባ ጉዳዩ አልቋል።

ሰውየውን እስከ ውጭ በር ሸኘኋቸው። ጉሙ ገና አልተነሣም። ባጃጅ ልንጠራ ስንል ቆም አሉ።

«ለመሆኑ ያኔ የሞትኩ ቀን» አሉ፣ «ምን ዘፈን ነው የከፈትክልኝ?»

«ትዝታ።»

«የኔን?»

ዝም አልኩ። የእሳቸው አልነበረም፤ ለእጄ የቀረበውን ነበር ያስገባሁት።

«ኧረ ተው!» አሉ ባርኔጣቸውን እየደፉ። «መግደልህስ ይሁን። በሰው ዘፈን ነው እንዴ የምትቀብረኝ?»