መልስ፦ ያለጊዜው የተወለደው ልጄ ሲተነፍስ ለምን ያቃስታል?
እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። በ31 ሳምንት የተወለደው ልጅሽ ለምን እንደሚያቃስት፣ አፍንጫው ላይ ያለው ቱቦስ ምን እንደሚሠራ ጠይቀሻል።

ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ በበቂ መጠን የሚገኘው ግን ከ34 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ማቃሰቱ ልጁ ራሱ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉበት የሚታገልበት መንገድ ነው። ሲፓፕ የሚሉት ቱቦም በአየር ግፊት ያንኑ ያግዘዋል። የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን እዪ፤ ግፊቱ እንዳልተቋረጠ የሚያሳየው እሱ ነው። የእኔዋ ልጅ ማሞቂያ ክፍል ሳለች አንድ ሌሊት ድምፁ ጸጥ አለብኝ፤ ነርሷን ስጠራት ቱቦው ከአፍንጫዋ ወልቆ ተገኘ።

ትንፋሹ ቆም ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ደቂቃ ሳትጠብቂ ተጣሪ። ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ ደግሞ ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ እቀፊው።