መልስ፦ ቤት ውስጥ የተፈለፈለች ወርቃማ እንቁራሪት ትመርዛለች?

ከእንቁላሏ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያደገች ከሆነች አትመርዝም። ይህች የኮሎምቢያ እንቁራሪት ባትራኮቶክሲን የተባለውን መርዝ ራሷ አታመርትም፤ ጫካ ውስጥ ከምትለቅማቸው ጥቃቅን ነፍሳት ታጠራቅመዋለች። በዝንብና በፌንጣ ያደገች ግን ከየት ታመጣዋለች?

ስለዚህ ሊገዟት ካሰቡ ሻጩን ከየት እንዳመጣት ይጠይቁ። ከጫካ የተያዘች ከሆነች መርዙ ለዓመታት ከቆዳዋ አይጠፋም። ነርቭና ጡንቻ ላይ ያሉትን የሶዲየም መግቢያዎች ከፍቶ ስለሚያስቀር ልብን ያቆማል፤ ማርከሻም የለውም። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኤምቤራ አዳኞች በአፍ የሚነፉትን ፍላጻ ጫፍ ጀርባዋ ላይ አሸት ያደርጉት ነበር፤ ይበቃቸው ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መርዝ የሌላትንም ቢሆን በባዶ እጅዎ አይያዟት። እኔ ቅባት በነካው እጄ አንዷን አነሳሁና በማግስቱ እግሮቿን ዘርግታ፣ ቅጠል ላይ ፈዝዛ አገኘኋት። ቆዳዋ የነካውን ሁሉ ይመጥጣል። አሁን በትንሽ ኩባያ ብቻ ነው የማነሳቸው።