ለተክል ገንዳ የትኛው መብራት? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ጥያቄዎች

ቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ዓሣዎቹን ያያል። ቀጥሎ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሣር የእውነት ነው እንዴ?» ይላል። የእውነት ነው። ደሴ ተቀምጬ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ተክል ማብቀል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብዙውን ተክል ያበላሸሁት በመብራት ነው፤ በማሳነስ ሳይሆን በማብዛት። ስለ መብራት የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት እነዚህ ናቸው።

ከሆጤ፦ ገንዳዬ 80 ሴንቲ ርዝመት፣ 35 ወርድ፣ 40 ቁመት ነው። ስንት ዋት ልግዛ?

ዋት የሚነግርህ ቆጣሪው የሚቆጥርብህን ነው፤ ተክሉ የሚያገኘውን አይነግርህም። ድሮ በፍሎረሰንት ጊዜ «ለአንድ ሊትር ግማሽ ዋት» ይባል ነበር። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ ያ ስሌት አይሠራም። ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን፣ አምፖሉ የሚሰጠውን የብርሃን መጠን፣ ፈልግ።

ሦስቱን ቁጥሮች አባዛና ለ1,000 አካፍል፤ 112 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ 100 ሊትር በለው። ብዙ ብርሃን ለማይፈልጉት፣ ለነአኑቢያስና ለነጃቫ ፈርን፣ በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። ከ20 እስከ 40 መካከለኛ ነው። ከ40 በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመሩና ማዳበሪያ እየሰጡ ለሚያሳድጉ ሰዎች ነው። አንተ ገና ጀማሪ ስለሆንክ 2,000 ሉመን ያዝ። ደህና ኤልኢዲ በአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ይሰጣል፤ ስለዚህ 20 ዋት አካባቢ ነው። ርካሽ አምፖል ግን ካርቶኑ ላይ ቁጥር ያጋንናል። እኔ ትንሽ ጠንከር ያለውን ገዝቼ በገመድ እሰቅለዋለሁ። ሲበዛ ከፍ፣ ሲያንስ ዝቅ።

ከዚያው ሰፈር፦ ሉመን ዋጋ የለውም፣ ፓር ነው የሚለካው ይላሉ። እውነት ነው?

እውነት አለው። ሉመን የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን አረንጓዴና ቢጫውን አጉልቶ ያያል። ፓር ግን ተክል ምግቡን የሚሠራበትን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይለካል። መለኪያው ውድ ነው። ለተራ ነጭ መብራት ሉመን በግምት ያደርሳል፤ ለእሱ ብለህ ገንዘብህን አታውጣ። ከዚያ ይልቅ ቁመቱን አስብበት። ብርሃን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይደክማል። 30 ሴንቲ ገንዳ ውስጥ የሚያድግ ሣር 60 ሴንቲ ገንዳ ውስጥ በዚያው መብራት ሊመነምን ይችላል።

ከፒያሳ፦ ለግቢ የሚሸጠው ፓውዛ ይሆናል ወይስ የግድ የአኳሪየም መብራት?

ይሆናል። የኔም ፓውዛ ነው። ነጩን፣ 6,500 ኬልቪን የተጻፈበትን ውሰድ። ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም እንጂ ጥንካሬው አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታዋል። 3,000 ኬልቪን ቢጫ ነው። ተክሉ በእሱም ያድጋል፤ ውሃው ግን የደፈረሰ ሻይ ይመስላል።

የመብራቱን ነገር ተውትና የኤሌክትሪኩን ስሙኝ። 220 ቮልት ከውሃ በላይ እየሰቀላችሁ ነው። ውሃ የሚረጨውን የሚችል፣ አይፒ 65 የሚል ያለበትን ግዙ። ገመዱ ሶኬት ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይመለስ፤ ውሃ በገመዱ ቢወርድ እዚያው ይንጠባጠባል። ማከፋፈያውን ከገንዳው ሥር መሬት ላይ አታስቀምጡ።

ሐምራዊው የተክል አምፖልስ?

ያሳድጋል። ዓሣዎቹ ግን የጭፈራ ቤት ደንበኛ ይመስላሉ። እኔ አልወደውም።

ከኮምቦልቻ፦ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ፀሐይ ቢበቃውስ? መብራት ከመግዛት።

ፀሐይ ነፃ ነው፤ ችግሩ ልክ የለውም። ዛሬ ደመና፣ ነገ ለአምስት ሰዓት ቀጥታ ጨረር። አልጌ፣ ያ ሳይተክሉት ውሃውና መስታወቱ ላይ የሚበቅለው ነገር፣ ደግሞ ይህን ይወዳል፤ ውሃው አረንጓዴ ሾርባ ይሆንብሃል። በዚያ ላይ እናንተ ጋ ሙቀት አለ። እኛ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ሆነን ለዓሣው ማሞቂያ እንፈልጋለን፤ እናንተ ከ1,900 ሜትር በታች ናችሁ። ትንሽ ገንዳ በቀጥታ ፀሐይ ቶሎ ይሞቃል፤ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከመስኮቱ ራቅ አድርገው።

በቀን ለስንት ሰዓት ላብራ?

አዲስ ገንዳ ከሆነ 6 ሰዓት። ተክሉ ሥር ከያዘ 8። ከዚያ በላይ የምትመግበው አልጌውን ነው። በእጅ ማብራት ማጥፋት አይዘልቅም፤ ታይመር ግዛ።

ታይመር ስል አንድ ታሪክ አለኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት በርቶ ማታ 4 ሰዓት እንዲጠፋ ብዬ፣ 10:00 እና 4:00 ብዬ ሞላሁት። ዕቃው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው! ጠዋት 4 ሰዓት እየበራ ሌሊት 10 ሰዓት ይጠፋ ነበር፤ 18 ሰዓት ሙሉ። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ 3 ሰዓት እተኛለሁ፤ ስገባ በርቶ ስለማገኘው ምንም አልጠረጠርኩም። በሁለት ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። 16:00 እና 22:00 ብላችሁ ሙሉት።

መብራት ሲሄድስ? አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አይመጣም።

አብሽሩ፤ ተክሉ አይሞትም። አልጌ ያስቸገራቸው ሰዎች እንዲያውም ሆን ብለው ለሦስት ቀን ገንዳውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። የሚያሳስበው ዓሣው ነው። በጨለማ ተክልም እንደ ዓሣ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ማጣሪያውም ቆሟል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካላችሁ አብሩ፤ ከሌለ ከገንዳው በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት። ምግብ አትስጡ። መብራቱ ሲመጣ ያለፈውን ላካክስ ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳታበሩ።

ግንዱ ረዝሞ ቅጠሉ ተራርቋል። ሌላው ተክሌ ደግሞ ቅጠሉ ተበሳ።

የመጀመሪያው ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ላይ እየተንጠራራ ነው። የተበሳው ብዙ ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው፤ መብራት ብትጨምርበት ይባስበታል።

አንዲት እናት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ልጄ ለትምህርት ሲሄድ ገንዳውን ለኔ ጥሎ ሄደ። ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ላይ እንደ ጥቁር ጸጉር ያለ ነገር በቀለ። ምን ላድርገው ልጄ?

እማማ፣ እንደነገሩኝ ከሆነ ተክሉ አኑቢያስ ነው። በጣም ዝግ ብሎ የሚያድግ የአፍሪካ ተክል ነው፤ አንድ ቅጠል ወራት ስለሚቆይ አልጌ ይሰፍርበታል። ጥላ ይወዳል። ያለበትን ድንጋይ ከነተክሉ አንሥተው ከመብራቱ ሥር ወደ ጥግ ያድርጉት፤ ጸጉር የያዙትን ቅጠሎች ከሥራቸው በመቀስ ይቁረጡ። ወፍራሙን አግድም ግንድ ጠጠር ውስጥ እንዳይቀብሩት፤ ይበሰብሳል። ከገንዳው በላይ ያለው መስታወት ነጭ ዝቃጭ ይዞ ከሆነ ያውጡትና በኮምጣጤ ያጽዱት፤ ኮምጣጤው ውሃው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። መብራቱን በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ ያብሩት። ልጅዎ ሲደውል የታይመሩን ነገር ይጠይቁት፤ እሱም እንደኔ ሞልቶት ይሆናል።