መልስ፦ ጋይገር ቆጣሪዬ (የጨረር መለኪያዬ) ድሬዳዋ 0.12፣ ሐረር 0.18 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ያሳያል፤ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሁለቱም ቁጥሮች የተፈጥሮ ጨረር ናቸው። ሐረር ከድሬዳዋ በመቶዎች ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ደግሞ ከከፍታ ጋር ይጨምራል። የቀረው ልዩነት ከአፈሩና ከግንቡ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ግራናይት ካለበት በተለይ።

ሲቨርት ሰው የሚያገኘው የጨረር መጠን መለኪያ ነው፤ አንድ ሚሊሲቨርት 1000 ማይክሮሲቨርት ነው። 0.18 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢቀጥል 1.6 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የተፈጥሮ ጨረር የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው፤ እሱ ግን መሣሪያህ የማያየውን፣ ከመሬት ወጥቶ በትንፋሽ የሚገባውን፣ ጨረር አመንጪ የሆነውን የራዶን ጋዝም ይጨምራል። ለቤተሰብህ አትስጋ።

ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አንዴ አይተህ አትፍረድ። ቁጥሩ በየደቂቃው ይዋዥቃል። በመኪና ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ያየኸውንም ተወው። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አድርገህ ቢያንስ 10 ደቂቃ አቆየውና አማካዩን ያዝ። በሁለቱም ከተማ እንደዚያው አድርግ፤ ያለዚያ ማወዳደር አይቻልም።