መንገዱን ከመጠየቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሐኪም ነኝ፤ ጡረታዬም ደርሷል። ከሕክምና ሌላ ለምክር ብቻ የሚመጡብኝ ወጣቶች አሉ። በእምነት ያደጉ ናቸው። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል፦ «ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» «ይህን ሰው ላግባ?» «እግዚአብሔር ለምን መንገዱን አያሳየኝም?» ጥያቄው ደግ ነው። እኔ ግን እንደ ልማዴ መጀመሪያ የማየው ጠያቂውን ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ምግብ አስታውሶ አይበላም። ጓደኞቹ ሲደውሉ ስልክ አያነሳም። እንዲህ የሆነ ሰው እንኳን የእግዚአብሔርን የእናቱንም ድምፅ በቅጡ አይሰማም።

መዝሙር 23ን ታውቁታላችሁ። (በአንዳንዱ መጽሐፍ 22 ተብሎ ነው የተቆጠረው።) በቃላችን ስለያዝነው ሮጠን እናልፈዋለን። እስቲ አንዴ ቀስ ብላችሁ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። እረኛው መጀመሪያ በለመለመ መስክ ያሳድራል። ከዚያ ይመራል፤ የሚመራው ግን ወደ ዕረፍት ውኃ ነው። ቀጥሎ «ነፍሴን መለሳት» ይላል። «በጽድቅ መንገድ መራኝ» የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። እኛ የምንቸኩለው ለመንገዱ ነው። እረኛው ግን የዛለ በግ ይዞ ረጅም ጉዞ አይጀምርም።

ይህን ነገር እንደ ነቢዩ ኤልያስ ታሪክ አጥርቶ ያሳየኝ የለም። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነው። ሰውየው ገና በቀርሜሎስ ተራራ 450 የጣዖቱን የበኣልን ነቢያት ብቻውን ተጋፍጦ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቷል። ወዲያው ንግሥቲቱ ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ብላ ላከችበት፤ እግሬ አውጪኝ አለ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያው ተወውና ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ሰው ሲዝል መጀመሪያ የሚሸሸው አብሮት ያለውን ነው። ከዚያ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበቃኛል አለ፤ እንዲሞትም ለመነ።

እኛ ብንሆን ምን እንለው ነበር? «አንተ የእምነት ሰው አይደለህም እንዴ? ያን ሁሉ ነቢይ ተጋፍጠህ በአንዲት ሴት ዛቻ?» ብለን ስብከት እንጀምርለት ነበር። ወደ እርሱ የመጣው መልአክ ግን አንድ የተግሣጽ ቃል አልወጣውም። ኤልያስ ተኝቷል። ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም አስተኛው። ሁለተኛ መጥቶ ሲቀሰቅሰው የተናገረው ነገር እኔን ሐኪሙን ሁልጊዜ ይነካኛል፤ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ ነው ያለው። መንገዱ እንዳለ ያውቃል። አቅም እንደሌለውም ያውቃል።

ኤልያስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ የእግዚአብሔር ተራራ ወደሚባለው ኮሬብ ደረሰ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው እዚያ ነው። አዲስ ሥራም የተሰጠው እዚያ ነው፤ በእርሱ ፋንታ ነቢይ የሚሆነው ኤልሳዕም ጭምር። እኔ ብቻ ቀረሁ ሲል ለነበረው ሰው ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። ዛፉ ሥር ሳለ ቢነግሩት የሚሰማበት ጆሮ የነበረው አይመስለኝም።

ስለዚህ ምክሬ ተራ ነገር ነው። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ በውድቅት ሌሊት አትጻፉ። እጮኝነት በድካም ቀን አታፍርሱ። ተኙ። ብሉ። ለራቃችሁት ጓደኛ ደውሉለት። ይህን ስታደርጉ ከጸሎት የወጣችሁ አይምሰላችሁ። እንቅልፍ እምቢ ብሎ ከሰነበተ ወይም እንደ ኤልያስ ሞትን መመኘት ከጀመራችሁ ግን ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ተናገሩ፤ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ። በመልአክና በእንጎቻ የሠራ ጌታ በሐኪም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ያሰጋኛል። የደከመ ሰው አቅጣጫ የሚሸጥለት አያጣም። እከሌን አግቢ፣ እዚያ ሂድ፣ ይህን ያህል አምጣ የሚል ሞልቷል። ሕዝቅኤል 34 እንዲህ ያሉትን እረኞች አሳምሮ ያውቃቸዋል። ጮማውን ይበላሉ፣ ጠጉሩን ይለብሳሉ፣ የተሰበረውን አይጠግኑም። እግዚአብሔር እዚያው ላይ የጠፋውን እኔ እፈልጋለሁ፣ የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ የደከመውን አጸናለሁ ይላል። እናንተም በዚህ መዝኗቸው። ምሪት ይዤላችሁ መጣሁ የሚላችሁ ሰው ስትወድቁ ያነሳችኋል ወይስ ኪሳችሁን ይዳብሳል?

ስለ ሞት ጥላ ብዙ አልልም። መዝሙር 23 ላይ የሚመጣው ከጽድቅ መንገድ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲጨልም ተሳስቻለሁ ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ። ዳዊትም እዚያ ሲደርስ ስለ እረኛው ማውራቱን ትቶ እረኛውን ራሱን ያናግራል፤ «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይለዋል።

ጴጥሮስን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዷል። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሲያጠምድ አድሮ ባዶ እጁን ነበር። ሲነጋ ጌታ ኢየሱስ ዳር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፍሙም፣ ዓሣውም፣ እንጀራውም ተዘጋጅቷል። ኑ ብሉ አላቸው። «ትወደኛለህን?» ተብሎ ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። በጎቼን አሰማራ የተባለውም ያኔ ነው። የካደው ሰው እረኛ ተደረገ። የተነገረው ግን ደስ የሚል ነገር ብቻ አይደለም፤ በምን ዓይነት ሞት እንደሚሞትም ተነግሮታል።

ጴጥሮስም ጴጥሮስ ነውና ዘወር ብሎ ሌላውን ደቀ መዝሙር አየና እርሱስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። እኩዮቻችሁ ሲያገቡ፣ ሲመረቁ፣ ቤት ሲገዙ በስልካችሁ እያያችሁ የምትጠይቁት ይኸንኑ ነው። የተሰጠው መልስ «ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» የሚል ነበር። ጴጥሮስ ስለዚያ ሰው ደግሞ የጠየቀው ነገር አልተጻፈም።