ረግረጉን ሁሉ ጭቃ አታድርጉት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ረግረግ ናቸው። ምን ነካችሁ? ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ወሬው ስለ ጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከታተመ ወዲህ የተስፋፋው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ፣ ዕድሉን ዳይስ ይወስናል። ጠብ ሲነሳ ካሬ የተሰመረበት የውጊያ ካርታ ይዘረጋል።

ለረግረግ ካርታ ካሬ ይሻላል ወይስ ባለ ስድስት ጎን?

ጓደኞችህ የለመዱት። ቀጣይ።

አንዲት የጨዋታ መሪ፦ ካርታዋን ከዳር እዳር ጭቃ አደረገችው። ውጊያው ተጎተተ፣ ተጫዋቾቿ ስልክ መነካካት ጀመሩ። «ረግረግ እኮ ጭቃ ነው፣ ምን ላድርግ?» ትላለች።

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ። በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ሕግ አንድ ካሬ 5 ጫማ ነው፣ ሜትር ተኩል ግድም። አብዛኛው ገጸ ባሕርይ በአንድ ተራ 30 ጫማ፣ ማለትም 6 ካሬ ይሄዳል። እንደ ጭቃ ያለ አስቸጋሪ መሬት ላይ እያንዳንዱ ካሬ እጥፍ ያስከፍላል፤ ስለዚህ 3 ካሬ ብቻ። ካርታሽ 20 ካሬ ከሆነ ባለ ሰይፉ ማዶ ለመድረስ 7 ተራ ይፈጅበታል። እሱ ጭቃ ሲያቦካ ቀስተኛው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ነገሩን ይጨርሰዋል። ባለ ሰይፉ ስልኩን ቢነካካ ምን ይፈረድበታል?

እኔ ረግረግ ስሥል የምጀምረው ከደረቁ መሬት ነው። ረግረግ ውስጥ ሰው የሚጋደለው እግር በምታስቆመው ቁራሽ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ9 ዓመተ ምሕረት በዛሬዋ ጀርመን፣ ቴውቶቡርግ ጫካ ላይ ሦስት የሮም ሌጌዎኖች (ትልልቅ የጦር ክፍሎች) ሲያልቁ እንዲሁ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ቦታው ነው የሚሉት ካልክሪዘ፣ በአንድ ወገን ኮረብታ፣ በሌላው ትልቅ ረግረግ ነበረው። ሮማውያኑ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ረጅም ሰልፍ ሠርተው ሲሄዱ ተያዙ። ያ ሠራዊት ገላጣ ሜዳ ላይ ቢገኝ ማን ይችለው ነበር?

እና ይህን ሞክሪ። ደረቁን መሬት የ«ሀ» ፊደል አስመስለሽ ሣይው። ሁለቱ ክንዶች 8 ካሬ ይርዘሙ፣ በመሃላቸው 5 ካሬ ውሃ ይግባ። ጠላት በአንዱ ክንድ ጫፍ፣ ተጫዋቾችሽ በሌላው ይሁኑ። በውሃው ቆርጦ የሚሄድ በሁለት ተራ ማዶ ይወጣል፤ ግን ደረቱ ድረስ ተዘፍቆ፣ ለቀስት ተጋልጦ። በደረቁ የሚዞር አራት ተራ ይፈጅበታል። ከዚያ ውሃው ላይ የወደቀ ግንድ ጨምሪ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ የሚያዳልጥ። አንደኛው ክንድ ላይ ቄጤማ አብቅዪበት፣ የሚደበቅ ይደበቅ። አሁን ሁሉም ተራው ሳይደርስ ማሰብ ይጀምራል።

ጥልቀቱንም አትደብቂ። ቁርጭምጭሚት፣ ወገብ፣ የሚያሰምጥ፤ በሦስት ቀለም ለይተሽ አሳዪ። አረንጓዴና ቡኒ የማይለይለት ተጫዋች ካለሽ በቀለም ፋንታ ነጠብጣብና ሰረዝ ተጠቀሚ። የተደበቀ ማጥ የግድ ካማረሽ አንድ ብቻ፤ እሱም አረፋ እያወጣ ይጠቁም።

አዞ ግዴታ ነው ወይ?

አይደለም። አልቅትም ሥራ ይሠራል።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ካርታውን በትልቅ ወረቀት ሊያሳትም ሄዶ ዋጋው አስደንግጦት ተመለሰ።

ትልቁን ተወው። ኤ4 ወረቀት ላይ ባለ 2.54 ሳንቲ ሜትር ካሬ 7 በ10 ይገባል፤ ስድስት ወረቀት ስትገጣጥም 20 በ20 ይወጣልሃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ፕሪንት ስታደርግ መጠኑ 100 ፐርሰንት ይሁን። ከወረቀቱ ጋር እንዲያመጣጥን ከፈቀድክለት ካሬው ያንስብሃል።

ቨርጂኒያ ያለች አንባቢ፦ ሮል20 (በኢንተርኔት የምንጫወትበት ድረ ገጽ) ላይ ካርታዬ ከመስመሩ ጋር አልገጥም አለ።

ሮል20 ካልቀየርሽው አንዱን ካሬ 70 ፒክስል ብሎ ይይዘዋል። 20 ካሬ 1400 ፒክስል ነው። በዚያ ልክ አስገቢው።

ውሃ ካለ ጀልባ ይግባ?

ይግባ! የጣናን ታንኳ ውሰዱ። ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት። ጨዋታው ውስጥ በየጥቂት ዙሩ የሚሸከመው ሰው አንድ ይቀንስ። ማን እንደሚወርድ ሲከራከሩ ታያላችሁ።

አንድ ወንድሜ ረግረጉን በሞዴል ሠርቶ፣ ለውሃው ኢፖክሲ ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ አፈሰሰ። እጁ ቀልቶ ያሳክከዋል። ጥያቄው ግን «ውሃውን የሚያደፈርስ ቀለም የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ቀለሙን ተወው! ያልደረቀ ኢፖክሲ የቆዳ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም፤ ጠብታ ብትነካህ ይነሳብሃል። ዛሬውኑ አቁምና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ አሳየው። «ቅባት ቢጤ ልቀባና ይለፍልኝ» አትበል፣ እየለመንኩህ ነው። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ፊትህ ካበጠ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሌሎቻችሁም ናይትሪል ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ተራ የአቧራ ማስክ ትነቱን አያስቆምም።

ካርታዎቼን ብሸጥስ?

ዛፉንና ድንጋዩን ራስህ ከሣልከው ሽጥ። ከሌላ ሰው ስብስብ ከወሰድከው ለንግድ መፈቀዱን አንብብ። ካልገባህ ጠበቃ ጠይቅ።